ከደሴ የወረደው ናና

ሰሞኑን ፊት ለፊታችን ካለው ኮንዶሚኒየም የገባች አንዲት ሙሽራ በሬን አንኳኳች። ስከፍት የፕላስቲክ ባልዲ አቅፋ ቆማለች። ባልዲው ውስጥ ጥቂት የናና ዘለላ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። «እማማ፣ ናና የሚሆንላቸው እሳቸው ናቸው ብለው ላኩኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ሆነብኝ» አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቅጠሉን በጣቶቼ አሸት አድርጌ አሸተትኩት። ሽታው ገና አልሞተም። «ከየት ነሽ ልጄ?» አልኳት። «ከደሴ ነኝ» አለች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ባልዲውን በረንዳዋ ላይ ፀሐዩ ፊት አስቀምጣ፣ ጧትና ማታ ውሃ ስትደፋበት እንደከረመች ሳትነግረኝ አወቅሁ። ታቹን ብሺው፣ ወደ ጥላ አግቢው፣ እስከ ግንዱ ቁረጪው፣ አትዘኚለት አልኳት። እንዴት እንዲህ ሊያውቁ ቻሉ በሚል ዓይን ስታየኝ «እኔም አንድ ገድያለሁ» አልኳት፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ጣቴ ላይ የቀረው ሽታ ከተቀመጥኩበት አላስነሳ አለኝ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው ያደግሁት። ኮምቦልቻ የወረድኩት በትዳር ነው፤ ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከዶሮ ቀድሞ የሚቀሰቅሰን፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ስብሰባ ያልወጣ ሰው ስሙ የሚጠራበት ዘመን ነበር። የሙሽራ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት የቴትረን ቀሚስ፣ አንድ አበባ የበዛበት ሻሽና እናቴ የሠራችልኝ ወፍራም ሹራብ ነበሩ። ባሌ ሰይድ የለበሰው ቤልቦተም ሱሪ ከታች ስፋቱ የመናኸሪያውን አቧራ እየጠረገ ነበር የሚሄደው፤ ያኔ ግን ከእሱ በላይ የለበሰ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የአውቶቡሱ ታሪፍ ከሁለት ብር አይበልጥም። ሾፌሩ ካሴት ከፍቶ፣ ፍቅሩን ትቶ ስለዘመተ ሰው የሚዘፍን አንድ ቀጭን ድምፅ ቁልቁለቱን ሁሉ አብሮን ወረደ። ደሴ ላይ ሹራቤን ለብሼ እንኳ እንቀጠቀጥ ነበር። ሐረጎን ስናልፍ ሹራቡን አወለቅኩ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሻሼ ራሱ ከበደኝ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርጄ ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ዛሬ ልጆች ያንን መንገድ ስልካቸውን እያዩ ይጨርሱታል፤ እኛ ግን በየመታጠፊያው ያለውን ዛፍ እናውቀው ነበር።

ሰይድ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፤ በሦስት ፈረቃ። የፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ከተማው በሙሉ ሰዓቱን ያስተካክላል። የተከራየነው ቤት አንድ ረጅም ጭቃ ቤት ሆኖ አራት በር ነበረው፤ ግቢው የጋራ ነው፤ ከጀርባው ሙዝና ፓፓያ፣ ከሥሩ ደግሞ ልብስ የምናጥብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ያለው በር የእትዬ አልጣሽ ነው። እትዬ አልጣሽ ባሏ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ እዚያው ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች፣ ከእኔ አሥር ዓመት የምትበልጥ ሴት ነበረች። ምላሷ ስለት አለው። የመጀመሪያ ቀን ሹራቤን አጥቤ ሳሰጣ ያገኘችኝን አልረሳም፤ «ይኸን ለማን ነው ያመጣሽው? ለበግ?» አለችኝ። እሷ አርዳ ፍስክ ስትበላ እኔ እዚያው አጠገቧ ረመዳን እጾማለሁ፤ እኔ ሥጋ ስቀቅል እሷ ሁዳዴ ይዛለች። በድስት ባንገናኝም በሌላው ሁሉ አንድ ቤት ነበርን።

አማቴ ወይዘሮ ሐሊማ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነበር ቤታቸው። ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ትልቁ የእኔ ባል ነው። ትንሹ ይማም ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። መጀመሪያ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ዝም። እሳቸው ታዲያ ከዚያች ከሆጤ በር አልነቃነቅም ብለው ቁጭ አሉ። ከሰሜን የተመለሰ ወታደር ሁሉ ይጠራና ይገባል፤ በናና የፈላ ሻይ ይቀዳለታል፤ «የኔን ልጅ አይተኸዋል?» ይባላል። ናናውን በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተክለው በመስኮታቸው ሥር ያሳድጉት ነበር። ደሴ ናና ማሳደግ ቀልድ አይደለም። ጧት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጋ ታስጠጊዋለሽ፤ ከሰዓት ፀሐዩ ሲዞር ተሸክመሽ ትከተዪዋለሽ፤ ማታ ውርጭ እንዳይመታው የማዳበሪያ ከረጢት ታለብሺዋለሽ። እሳቸው ይኸን ሁሉ ሲያደርጉ ደረታቸውን ብርድ እየበላው ነበር። ሐኪሙ ሰይድን ለብቻው ጠርቶ አንድ ክረምት ደሴ ከደገሙ ሳንባቸው አይችለውም፣ ቆላ አውርዳቸው አለው። ሰይድ ለመነ፣ እኔ ለመንኩ፣ ሽማግሌ ተላከ። እሺ ያሉት በብዙ ጭቅጭቅ ነው።

የመጡ ቀን ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሻንጣቸውን ሰው ነው የያዘላቸው፤ ቆርቆሮውን ግን ለማንም አልሰጡም። ግቢው መሐል አቁመውት ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ማሻአላህ፣ ጥሩ አገር ነው። ሙቀቱ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «እንግዲህ ስሙኝ። ይኸ ናና እዚህ ከያዘ እኔም እዚህ እቀመጣለሁ። አልይዝም ካለ ግን ወደ በሬ መልሱኝ፤ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ።»

ሰይድ ሳቀ። «እማዬ፣ በናና ነው እንዴ የምንፋረደው?»

«እኔ ሌላ ዳኛ የለኝም» አሉት። ቀጥለው ቆርቆሮውን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ያዢው ፋጤ። አብሽሪ፣ ከባድ አይደለም።»

አልሳቅሁም። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ልጅ አልወለድኩም፤ የባሌ እናት ዕድሜ በእጄ የተሰጠኝ ያህል ተሰማኝ። ናናው ከደረቀ ሆጤ ይመለሳሉ፤ ሆጤ ከተመለሱ ክረምቱን አያልፉም። ነገሩ ይኸው ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ የሰውን ሁሉ አፍ ፈርቻለሁ፤ «እጇ ቢሰንፍ ነው» መባልን።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። የደሴ ሴት የምታውቀውን ሁሉ አደረግሁለት። ቆርቆሮውን የቆርቆሮ አጥር ጥግ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በማይለቀው ቦታ አስቀመጥኩት። ከሰዓት ጥላ ሲነካው ተሸክሜ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ጠውለግ ሲል የጠማው መስሎኝ ውሃ ጨመርኩ፤ ቆርቆሮው ታቹ አልተበሳም፤ ውሃው የት ይሂድ? በዚያ ላይ ማታ ማታ ማዳበሪያ አለበስኩት። ውርጭ በማያውቅ አገር፣ በዚያ ወበቅ፣ ጧት ስገልጠው ቅጠሉ አልቦታል። እኔ ጤዛ ነው እል ነበር። አማቴም እያዩ ምንም አላሉም፤ እሳቸውም የሚያውቁት ይኸንኑ ነው፤ «ተባረኪ» ይሉኛል እንጂ። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ከጫፉ ጠቆረ፣ ከዚያ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ለስልሶ በሰበሰ። በዚያው ሳምንት ኩታበር ያለ ዘመዳቸው ሞተና ለቅሶ ለመድረስ ወጡ። ሦስት ቀን እቆያለሁ አሉ። በነጋታው ግንዱን ስነካው እጄ ላይ መጣ። የሸተተኝ ናና አልነበረም፤ የረጋ ውሃ ነው።

ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እትዬ አልጣሽ አገኘችኝ።

«ማን ሞተ?» አለች ደንግጣ።

ቆርቆሮውን አሳየኋት። አፈሩን በጣቷ ቆፍራ አየችና ማዳበሪያውን አነሳች።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለውርጭ።»

«ለምን?»

«ለውርጭ ነው ያልኩሽ!»

ሳቋን ለመያዝ ብዙ ታገለች፤ አልቻለችም። «የደሴ ሰው ፀሐይ ሲያይ ያብዳል። እኔ እኮ ቆርቆሮውን ተሸክመሽ ግቢውን ስትዞሪ ስለት ያለብሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ሴት፣ ቀቅለሽ ነው የገደልሽው!» ከዚያ እንባዬን ስታይ ሳቋ ቆመ። ስለ አማቴ ቃል፣ ስለ ሐኪሙ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ተነሥታ ወደ ፓፓያው ሄደች። ለካ ከእጥበቱ ድንጋይ ጀርባ፣ ከሙዙ ቅጠል ሥር፣ እኔ አረም ነው ብዬ የማልፈው አረንጓዴ ነገር ሁሉ ናና ነው። ማንም አይኮተኩተው፣ ማንም ፀሐይ አያሳየው።

በምስማር ቆርቆሮውን ታቹን በሳሳችልኝ፤ ከሥር ጠጠር አደረገች፤ ሥር ያለው ናና ከነአፈሩ አውጥታ ተከለች። የቀረውን የደሴ አፈር ከላይ አለበስነው። «ጧት ብቻ ታጠጪዋለሽ፤ አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አይደለም። የጧት ፀሐይ ትንሽ ይበቃዋል፤ ከዚያ ጥላ። አበባ ላውጣ ሲልሽ ቁረጪው። እስከ ታች። ሰው ደጃፍሽ ባይመጣ እንኳ ቁረጪና ለሰው ስጪ። እዚህ አገር ናና የሚሞተው ሲያዝኑለት ነው» አለችኝ። ከዚያ እጇን እየታጠበች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትነግሪያቸዋለሽ?» አለች። ቆርቆሮውን አንስቼ ወደ ጥላ ወሰድኩት። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

አማቴ ሐሙስ ተመለሱ። ለቅሶው አድክሟቸው፣ የኩታበር ብርድ ሳሉን ቀስቅሶባቸው፣ ከበሩ እስከ መደቡ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ከተቀመጡ በኋላ ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ናናው ነበር። ቆርቆሮውን አመጣሁላቸው። ሳሉ አፍንጫቸውን ዘግቶት ነበር መሰለኝ፣ አላሸተቱትም፤ አዲሱን ለምለም ጫፍ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ያዘ?» አሉኝ።

«ያዘ እማ።»

«የኔው ነው?»

«የእርስዎው ነው። ወላ...» ብዬ ልምል ስል እጃቸውን አነሡ።

«አትማዪ ልጄ። ለናና አይማልም። አምኜሻለሁ።»

እትዬ አልጣሽ በራፋችን ላይ ቆማ ነበር። አቀርቅራ ወደ ቤቷ ገባች። አማቴ ረጅም ጊዜ ቆርቆሮውን ሲያዩ ቆዩና «አልሃምዱሊላህ፤ ቃል ቃል ነው» አሉ። ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ያኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነው፤ አይሄዱም፣ አይሞቱብንም የሚለውን ብቻ።

ቃላቸውን ጠበቁ። የሆጤውን ቤት ለአንድ አስተማሪና ለሚስቱ አከራዩት፤ አደራቸውም ይማም የሚባል ረጅም ልጅ ከመጣ ኮምቦልቻ፣ ሰይድ ዘንድ፣ ብለው እንዲልኩት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሳላቸው ለቀቃቸው። ፊታቸው ሞላ፤ መስጊድ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ናናውም ከቆርቆሮው ተርፎ አጥሩን ያዘ። የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳር ባከፋፈለ ሳምንት ግቢው በሙሉ በናና ሻይ ይሰበሰብ ነበር፤ ስኳር ያለቀ ጊዜ በጨው እንጠጣለን። የመጀመሪያ ልጄን በእጃቸው ነው ያጠቡልኝ። ደግ ዓመታት ነበሩ፤ ይኸን በሙሉ ልብ እንዳልል የሚከለክለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከደሴ የመጣ ሰው ባዩ ቁጥር «በሆጤ በኩል አልፈሃል? በሬን አይተኸዋል?» ይላሉ። ሰውየው አላለፍኩም ሲል የሚያደርጉት የላቸውም፤ ናና ቆርጠው በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡታል። ከዚያ አስተማሪው ወደ ሌላ አገር ተቀየረና ሌሎች ተከራዮች ገቡ። አደራውን ለአዲሶቹ ሰይድ ደሴ ወጥቶ ይነግራቸዋል ተባለ። የጧት ፈረቃ ሆነ፣ የማታ ፈረቃ ሆነ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ።

በአንድ የኅዳር ቀን የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ የሆጤ ጎረቤታቸው የነበረች፣ ልጇን ልትጠይቅ የወረደች ሴት አገኘችኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ አፊያ ነሽ፣ ልጆች አፊያ ናቸው። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ፣ «አንድ የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው የሐሊማን ቤት እየጠየቀ መጥቶ ነበር። አዲሶቹ ሰዎች አናውቅም አሉት መሰለኝ። እኔ የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው» አለች። መቼ ነው አልኳት። ሦስት ሳምንት አልፎታል። ይማም ነበር? እንጃ፤ እሷ አላየችውም። ተራዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም፤ ኋላዬ ያሉት ሴቶች ገፍተው አለፉኝ። ስኳር ሳልይዝ ወደ ቤት ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እሳቸው እዚያ ቢሆኑ ኖሮ። በሩ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ። ደግሞ መልሼ፣ እዚያ ቢሆኑ ኖሮ እስከዚህ ቀን በሕይወት ይኖሩ ነበር? አሁንም ይኸንኑ ነው የማስበው፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን ወደዚህ፣ አንድ ቀን ወደዚያ እላለሁ።

ስገባ ከፓፓያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ናና ይቀነጥባሉ።

«እማ፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ።»

«ኸይር ነው?»

ቀላሉን አስቀደምኩ። «ይኸ ናና የእርስዎ አይደለም። የእርስዎ ኩታበር በሄዱ ጊዜ ሞቷል። እኔ ነኝ የገደልኩት። ይኸ የእትዬ አልጣሽ ነው። ዋሸሁዎት።» እጃቸው መቀንጠቡን አላቆመም። ቀና ብለውም አላዩኝም። ከዚያ ስለ ሰውየው ነገርኳቸው። ያኔ እጃቸው ቆመ።

«ክራንቹን በየትኛው ብብቱ ነው የያዘው?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ቁመቱስ?»

«አልጠየቅኋትም እማ።»

«ምን ጠየቅሻት ታዲያ?»

መቼ እንደመጣ ነበር የጠየቅሁት፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። ሰልፉ ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ራሴ ጥፋት ነበር፤ ስለ እሱ እግር አልነበረም። እናት የጠየቀችውን እኔ ሳልጠይቅ መምጣቴ ከውሸቱ በላይ አሳፈረኝ። ስለ ናናው ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሁለታችን በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣን። ሆጤ ስንደርስ በሩን የከፈተችልን ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ናት፤ እኔ ኮምቦልቻ የወረድኩበት ዕድሜ ላይ ትሆናለች። ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች። «ወላሂ እማማ፣ ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ እልከው ነበር» አለች። የትኛው ብብቱ እንደሆነ አላስታወሰችም። ፊቱን ጺም ሸፍኖት ነበር። ውሃ ጠየቃት፤ ሰጠችው። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጠጣና ትንሽ ቆይቶ፣ እግዜር ይስጥልኝም አላህ ይስጥሽም ሳይል፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደ።

«በየት በኩል ነው የተቀመጠው?» አሉ።

«እዚህ ጋ፣ በግንቡ በኩል።»

ሄደው እዚያው ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። በየጦር ሰፈሩ፣ በየሆስፒታሉ ጠየቅን፤ ይማም ይሁን አይሁን የሚነግረን ጠፋ። እስከ ዛሬ አላወቅንም። ያቺ ልጅና ባሏ ጓዳውን ለቀቁላቸው፤ አማቴ ሁለት ክረምት እዚያ ኖሩ። ሦስተኛው ሲገባ፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ ደረታቸው አልቻለም። ሰይድ እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ እኔም ለአዲሶቹ ተከራዮች ሳይነግር ስላስቀረው አደራ አንድም ቀን አላነሣሁበትም። እንዲህ ተቻችለን አረጀን።

ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ መውረድ ሲጀምር አሁንም ደፉ ላይ ነበሩ። ሹራቤን አውልቄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው።

«እማ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊወጣ ነው።»

«ሂጂ ልጄ። ሰይድ ከፈረቃ ሲወጣ ቤቱ ባዶ አይቆየው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚህ ነኝ» አሉ፤ ሳይቆጡ፣ በጣም በቀስታ።

ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ከደፉ ወደ አንዱ ዳር ጠጋ ብለው፣ ከጎናቸው ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ትተዋል። ለእኔ የተተወ አለመሆኑን አውቄ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።